የድሮ ቀለሜ

መሣሪያው የወደቀው ነርሷ የታማሚውን ትራስ ስታስተካክል ነው አሉ። ስክሪኑ ላይ ይሄድ የነበረው አረንጓዴ የልብ ምት መስመር ድርቅ ብሎ ቆመ፤ ቀጥሎ ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ ነጫጭ ፊደሎች ከላይ እስከ ታች ወረዱበት። ታማሚው አዛውንት ቀና ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ ሞትኩ ማለት ነው?» ብለው ነርሷን ጠየቋት። የሆስፒታሉ ቴክኒሻን ይህን በስልክ ሲያወራ ድምፁ ለሁላችንም ክፍት ነበር። የሳቀው መርፌ የምንለው ባልደረባችን ብቻ ነው። ወንድሜ ግን ዞር ብሎ እኔን አየኝ።

ያኔ አስተያየቱ የርኅራኄ መስሎኝ ነበር።

ሥራችን አልጋ አጠገብ የሚቆሙ የታማሚ መከታተያ መሣሪያዎችን መሥራት ነው። ቀፎውንና ሽቦውን ሌሎች ይገጣጥሙታል፤ እኛ ከመጋረጃ መሸጫ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጠን ውስጡ የሚሠራውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም እናዘጋጃለን። በተለይ ከርነሉን፣ ማለትም አስኳሉን። ሌላ ፕሮግራም ቢሳሳት እሱ ብቻ ይዘጋል፤ አስኳሉ ከተሳሳተ ግን ሁሉም አብሮ ይቆማል፤ መሣሪያው ወደቀ የምንለው ያኔ ነው። ክፍላችን ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ አለ። በመስኮቱ በኩል ያለው የወንድሜ ነው፤ ቡድኑን የሚመራው እሱ ነው። በበሩ በኩል ያለው የፈታሻችን ነው፤ ቀጭን ስለሆነና ምላሱ ስለሚወጋ መርፌ እንለዋለን። መሃል ላይ፣ ነፋሱም ወሬውም የሚያልፍብኝ እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ስለማልናገር መርፌ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ስም አውጥቶልኛል። በግድግዳው መደርደሪያ ላይ ደግሞ «ታማሚዎቹ» የምንላቸው የመፈተሻ መሣሪያዎች ተደርድረው፣ የውሸት የልብ ምት እየተቀበሉ ቀኑን ሙሉ ጢጥ ጢጥ ይላሉ።

ሥራ ያስገባኝ ወንድሜ ነው። ያስተማረኝም እሱ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለ ሜሞሪ አስተዳደር አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬ ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌአለሁ፤ ነገሩ የገባኝ ግን እማዬ ቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ሜሞሪን የሚከራይ ቤት ነው በይው፣ ሚጡ» አለኝ። በዚህ ዕድሜዬም ሚጡ ነው የሚለኝ። «ከርነሉ አከራይ ነው። ፕሮግራሙ ክፍል ይጠይቃል፣ ይሰጠዋል፣ ሲጨርስ ይለቃል። አከራዩ ለሌላ ያከራየዋል። ጣጣው የሚመጣው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ የወጣ ሰው ሲኖር ነው። ሳያውቀው ተመልሶ ይገባና የአዲሱ ተከራይ አልጋ ላይ ጋደም ይላል።»

«ከዚያስ፣ ወንድም ጋሼ?»

«ከዚያማ ጩኸት ነው።»

ለዚህ ነው ከርነሉ አንድን ክፍል ከማስለቀቁ በፊት ስንት ሰው ቁልፍ እንደያዘ የሚቆጥረው። የመጨረሻው ቁልፍ እስኪመለስ ክፍሉ አይለቀቅም። ቆጠራው ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ማንም በማንም አልጋ ላይ አይተኛም።

ወንድሜ ያመጣው አንድ ልማድም ነበረን። ክፍል የሚያስለቅቅ ኮድ የጻፈ ሰው፣ የተለቀቀውን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በራሱ ቁጥር ይሞላዋል። ቀለም መቀባት እንለዋለን። እያንዳንዳችን የራሳችን ቁጥር አለን። አንድ ፕሮግራም የተለቀቀ ክፍል ገብቶ መሣሪያው ሲወድቅ፣ ከሚወርዱት ነጫጭ ፊደሎች መካከል ያ ቁጥር ይገኛል፤ ክፍሉን ያስለቀቀው የማን ኮድ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። «ሰው ይዋሻል፣ ቀለም አይዋሽም» ይላል ወንድሜ።

የእኔን ቀለም የሰጠኝ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ነው። 2739፤ ባደግንበት ቤት የነበረው የመስመር ስልክ የመጨረሻ ቁጥሮች። አባታችን ከሞተ በኋላ ስልኩ ተቆርጧል። «ቁጥሩ ከቤት አይውጣ ብዬ ነው» አለኝ። እንባዬ መጣ፤ የጫማዬን ማሰሪያ የማስር መስዬ አጎነበስኩ።

ሌላም ነገር ነበረ። የጻፍነውን ሁሉ የሚሰበስበው እሱ ነው። መስመር በመስመር አንብቦ፣ በአንድ ጥቅል አድርጎ፣ በራሱ ስም ያስገባዋል። ቁርጥራጭ ሥራ አልወድም ይላል። ስለዚህ ሥራችን አንዴ ከተጠቀለለ በኋላ ማን የትኛውን መስመር እንደጻፈ የሚናገረው ቀለሙ ብቻ ነው። ቀለሙ ደግሞ መሣሪያውን ስለሚያዘገየው ለሆስፒታል በሚሸጠው ላይ ይዘጋል። በዚያ ምክንያት ከአዛውንቱ አልጋ አጠገብ የወረዱት ነጫጭ ፊደሎች ምንም አልነገሩንም።

ኃላፊያችን ከላይኛው ፎቅ ወርደው መጡ። ሲናገሩ ሰው የማያዩ፣ ሲጨርሱ ግን ትክ ብለው የሚያዩ ሴት ናቸው።

«አንዴ ቢሆን ዝም እል ነበር። ደጋግሞ ወድቋል» አሉ። «የሆስፒታሉ ሰው ሐሙስ ይመጣል። ምክንያቱን ካልነገርነው መሣሪያዎቹን በሙሉ ይመልስልናል። በአዲሱ ጥቅል የሜሞሪውን ነገር የነካ ማን ነው?»

እኔ ነክቻለሁ። ሜሞሪ ሲያጥር ማንም የማይጠቀምባቸውን ክፍሎች እየፈለገ የሚሰበስበውን ኮድ እንደ አዲስ ጽፌው ነበር። ለመናገር አፌን ስከፍት ወንድሜ ቀደመኝ።

«እሷ ናት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ጥፋቱ የእኔ ነው። ገና ልጅ ናት፤ ጠበቅ አድርጌ ማየት ነበረብኝ።»

ኃላፊያችን አሁን አዩኝ። «እስከ ሐሙስ አግኚው። ካልሆነ የሜሞሪውን ሥራ ለሌላ ሰው እሰጥና አንቺን ደንበኞች አገልግሎት አዛውርሻለሁ። እዚያም ሰው ጎድሎናል።»

ደንበኞች አገልግሎት ማለት ስልክ ማንሣት ነው፤ ከማያውቁት፣ ከተቆጣ ሰው ጋር ሲነጋገሩ መዋል። እኔ አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ፌርማታዬን አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ስልኩ ግን ትንሹ ነገር ነበር። ሰው ፊት የሚጠፋብኝ ቃል ከርነሉ ውስጥ አይጠፋብኝም። እዚያ የሚጠየቀውን አውቃለሁ፣ መልሱንም አውቃለሁ፤ ማንም ድምፅሽን ከፍ አድርጊ አይለኝም። ያን ቦታ ከወሰዱብኝ ሌላ የምናገርበት አልነበረኝም።

ወጥተው ሲሄዱ ወንድሜ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። «አይዞሽ ሚጡ። እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድም ጋሼ» አልኩት። ከልቤ ነበር።

እሑድ እማዬ ጋ ሄድኩ። እማዬ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት። ያን ቀን የወንድሜን ሸሚዝ ኮሌታ ፈትታ እየገለበጠች ነበር፤ ያለቀው በኩል ወደ ውስጥ፣ ያላለቀው ወደ ውጭ። አዲስ ሸሚዝ መግዛት አያቅተውም። ግን እሷ ጨርቁ ገና ነው ትላለች፣ እሱም ደስ ይበላት ብሎ ያመጣላታል።

«ወንድምሽ ነገረኝ» አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

«ምን አለሽ?»

«መሣሪያ አበላሸች አለኝ። ምን ታደርጊያለሽ፣ ሰው ነሽ ትሳሳቻለሽ። እሱ እንደሆነ ይሸፍንልሻል። ብቻ ደግመሽ እንዳታሳፍሪው። አሁን በስንት ልፋት ሹም ሆኗል።»

«ምክንያቱ ገና አልታወቀም እኮ፣ እማዬ።»

«እሱ ያወቀ ነው የመሰለኝ» አለች። መርፌዋን ብርሃን ላይ አንሥታ ክር አስገባች። «በይ ያን መቀስ አቀብዪኝ።»

መቀሱን አቀበልኳት። እሱ ያወቀ ነው የመሰለኝ ያለችው ቤቴ እስክገባ ጆሮዬ ላይ ቀረ። በቤታችን ወንድሜ ያውቃል፣ እኔ እማራለሁ። ነገሩ ሁልጊዜም እንዲህ ነበር።

ሰኞ ከመርፌ ጋር ፍለጋ ጀመርን። የጻፍኩትን ኮድ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ቆጠራው ትክክል ነው፣ ቁልፍ ሳይመለስ የሚለቀቅ ክፍል የለም። ታማሚዎቹ ላይ ቀለሙን ከፍተን ስንሞክር ደግሞ አንዱም አይወድቅም። ቀለሙን ስንዘጋው ይወድቃሉ፤ ግን ያለ ቀለም መውደቅ ምንም አይነግረንም።

«ሌባው ባትሪ ስናበራ ይቆማል፣ ስናጠፋ ይሰርቃል» አለ መርፌ። «አንቺ ልጅ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ እንዳይሆንብን።»

የነገሩ ቁልፍ እዚያ ላይ እንደሆነ የገባኝ ሻይ እያማሰልኩ ነው። ቀለም መቀባት ጊዜ ይወስዳል። ሁሉንም ክፍል ስንቀባ መሣሪያው ይዘገያል፤ ሲዘገይ፣ ቁልፍ ይዞ የቀረው ሰው በሰላም ጨርሶ ይወጣል። ስለዚህ ሁሉንም መቀባት የለብንም። አንድ መጠን ያላቸውን ክፍሎች ብቻ እየቀባን፣ ሌላውን እየተውን፣ በየተራ መሞከር አለብን። ሜሞሪውንም ማሳነስ አለብን፤ ክፍል ሲጠብ አከራዩ ይቸኩላል፣ የተለቀቀውን ወዲያው ለሌላ ይሰጣል።

ይህን ለመርፌ በወረቀት ላይ ሣልኩለት። ከመናገር መሣል ይቀለኛል።

«አሃ፣ ታማሚዎቹን እናስርባቸው ነው የምትዪው» አለ። «ጨካኝ ነሽ ለካ። ዝም ያለ ሰው መፍራት ነበረብኝ።»

አስራብናቸው። መርፌ የውሸት ልቦቹን እያጣደፈ ማስጠንቀቂያ እንዲጮህ አደረገ፤ እኔ ክፍሎቹን በየመጠናቸው እየቀባሁ ጠበቅኩ። ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ ወንድሜ ላይኛው ፎቅ ስብሰባ ላይ እያለ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ ያለው ታማሚ ጢጥ ማለቱን አቆመ። ስክሪኑ ጠቆረ። ነጫጮቹ ፊደሎች ወረዱ።

መርፌ ጎንበስ ብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ጣቱ ቆመ።

«27392739» አለ። ከዚያ ሳይቀልድ፣ «ያንቺ ነው» አለኝ።

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር ዕረፍት ቢጤ ነበር፤ በቃ፣ እኔ ነኝ፣ አለቀ። ወንድሜ ትክክል ነበር፣ እማዬም ትክክል ናት። ቀጥሎ ግን ቁጥሩን እንደገና አየሁት።

ያን ቀለም ትቼዋለሁ።

ከተውኩት ቆይቷል። አንድ ቀን 2739 ተደጋግሞ ሲጻፍ እውነተኛ የሜሞሪ አድራሻ ሊሆን እንደሚችል አስተዋልኩ። ጥሩ ቀለም በዓለም ላይ የሌለ የቤት ቁጥር መሆን አለበት፤ መሣሪያው እዚያ ሊገባ ሲል ወዲያው እንዲወድቅ፣ ጥፋቱም እንዲጋለጥ። በሚኖር ቁጥር ከተቀባ ግን መሣሪያው የሰው ቤት ገብቶ ጥቂት ይንከራተትና ሌላ ቦታ ሄዶ ሊወድቅ ይችላል። ወንድሜ የሰጠኝ ቁጥር ለትዝታ መልካም ነበር፤ ለቀለምነት አይሆንም ነበር። ግን ታላቅ ወንድምን «ስጦታህ ስህተት አለበት» ማለት ከእኔ አቅም በላይ ነው። ስለዚህ በጻፍኩት ኮድ ላይ በሙሉ ማንም ሊኖርበት በማይችል ቁጥር ተካሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ወንድሜ መስመር በመስመር ያነባል፤ ያየዋል፣ ሳልነግረው ይገባዋል ብዬ ነበር። ያ ጥቅል ገባ፣ ከእሱ በኋላ ሌላ ጥቅል ገባ፣ እሱ ምንም አላለም። አይቶ እንዳላየ ያለፈኝ መስሎኝ ስንት ቀን በልቤ ሳመሰግነው ከረምኩ።

የድሮውን ቁጥር መላው ኮድ ውስጥ ፈለግሁት። ምንም መምጣት አልነበረበትም። አንድ መስመር መጣ።

የማስጠንቀቂያው ድምፅ የሚቀመጥበትን ክፍል የሚያስተዳድረው ፋይል ውስጥ ነው። ያን ፋይል ከፍቼው አላውቅም፤ የወንድሜ ነው። ከመስመሩ በላይ የቁልፍ ቆጠራው ነበር፤ ተነሥቷል። ክፍሉ ማን እንደያዘው ሳይጠየቅ በቀጥታ ይለቀቃል። እንዲህ ሲሆን ማስጠንቀቂያው ቶሎ ይጮሃል። ወንድሜ ለሆስፒታሉ ሰዎች ቶሎ እንደሚጮህ ቃል ሲገባ፣ በኋላም በተባለው ፍጥነት ሲጮህ ኃላፊያችን በሁላችን ፊት ሲያመሰግኑት አስታወስኩ። እኔም አጨብጭቤ ነበር። ከተነሣው ቆጠራ ሥር፣ በእሱ የአጻጻፍ መንገድ፣ በእሱ አሰላለፍ፣ የእኔ የድሮ ቀለም ተቀምጧል።

ሥራውን በእኔ ቀለም ቀብቶታል። ቀለሙን መተዌን ደግሞ አያውቅም። የማያውቀው ስላላነበበኝ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ አመመኝ። እኔ እያንዳንዱን መስመር ስጽፍ የማስበው አንባቢ አንድ ሰው ነበር።

«ፋይሉ የማን ነው?» አለ መርፌ ከኋላዬ።

«ላጣራ።»

ስክሪኑን አየ፤ እኔን አየ። ወደ መስኮቱ ጠረጴዛ አላየም፤ ስላላየ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። «ዝም አይነቅዝም» አለ ቀስ ብሎ፣ እንደ ስድብም እንደ ቀልድም ሳይሆን፣ ከዚያ ሻይ ሊያመጣ ወጣ።

የተነሣውን ቆጠራ መልሼ አስገባሁት። ታማሚዎቹን እንደገና አስራብናቸው፤ አንዱም አልወደቀም። ጥገናው አጭር ነበር። ወንድሜን እንዴት እንደማናግረው ማሰቡ ነው ረጅም የሆነብኝ።

ረቡዕ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል። ኮሌታው አዲስ መስሏል፤ የእማዬ እጅ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ትናንት እኛው ጋ ወደቀ። ቀለም ተገኘ።»

«የማን?» አለ፣ መነጽሩን እየጠረገ።

«2739።»

ተነፈሰ። መነጽሩን አደረገና ተነሥቶ መጣ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረ። «ሚጡ፣ አይዞሽ። ነገ እኔው እናገርልሻለሁ። አንቺ ምንም አትበዪ። እንደምንም ብዬ እዚሁ አስቀርሻለሁ።»

«የማስጠንቀቂያው ክፍል ነው የወደቀው። እዚያ የጻፍኩት ነገር ትዝ አይለኝም።»

«ሰው የጻፈውን ይረሳል። እኔስ ስንቱን እረሳለሁ። ቀለም ግን አይዋሽም።»

እጁ አሁንም ትከሻዬ ላይ ነው። ልጅ ሆኜ መንገድ ሲያሻግረኝ እንዲሁ ነበር የሚይዘኝ። አንድ ጊዜ ልሞክር አልኩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሌላ የምትነግረኝ ነገር የለም?»

«ምን ልነግርሽ እችላለሁ?»

«እሺ» አልኩት።

ሰው «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይላል፤ ለቤተሰቡ እሾህ፣ ለውጭ ሰው ምቹ የሆነውን ሲያማ። ወንድሜ እንዲያ አልነበረም፤ ለቤትም ለውጭም አልጋ ነው። ቀጋው ከፍራሹ ሥር መሆኑን ነው ሳላውቅ የኖርኩት።

ሐሙስ የሆስፒታሉ ቴክኒሻን መጣ። ላይኛው ፎቅ ክፍል የለም ተብሎ ስብሰባው እኛው ዘንድ ሆነ። ኃላፊያችን የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ቴክኒሻኑ የመርፌ ወንበር ላይ፤ መርፌ በሩን ተደግፎ ቆመ። ወንድሜ መስኮቱ ጋ ሆኖ ጀመረ።

«ምክንያቱ ተገኝቷል። እህቴ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ግን ልምድ…»

«እኔ ላሳይ» አልኩ።

ድምፄ ትንሽ ነበር። ቴክኒሻኑ «ምን አልሽ?» አለኝ። ደገምኩት። ወንድሜ ፈገግ ብሎ በእጁ ቦታ ሰጠኝ፤ ራሷ ትናገር፣ ይሻላታል እንደማለት።

የወደቀውን ታማሚ ስክሪን በግድግዳው ላይ አበራሁ። የማስጠንቀቂያው ክፍል ቁልፍ ያለው ሰው ውስጡ እያለ እንደተለቀቀ፣ አከራዩ ለሌላ እንደሰጠው፣ ሁለቱ እንደተጋጩ አስረዳሁ። ከዚያ ቆጠራውን መልሼ ያስገባሁበትን አሳየሁ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ እየተራቡ ያልወደቁትን ታማሚዎች አሳየሁ። ቴክኒሻኑ ጻፈ። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

«እና የማን ኮድ ነው?» አሉ ኃላፊያችን።

«ቀለሙ 2739 ነው። የእኔ ነበር።» እጄን የማደርግበት ስላጣሁ ጠረጴዛውን ያዝኩ። «አሁን የእኔ አይደለም። ከዚህኛው በፊት የነበረው ጥቅል ይኸው። የጻፍኩት ሁሉ በሌላ ቁጥር ነው የተቀባው። 2739 አሁን በመላው ኮድ ውስጥ ሲፈለግ አንድ ቦታ ብቻ ይገኛል። እሱም በአዲሱ ጥቅል ነው የተጨመረው።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ የጻፈው ሰው ቀለሜን መቀየሬን የማያውቅ ሰው ነው።»

ወደ መስኮቱ አላየሁም። ታማሚዎቹ ጢጥ ጢጥ ይላሉ። ከታች የመጋረጃ ሱቁ ሰው ጨርቅ ሲቀድ ይሰማል።

«መቼ ነው የቀየርሽው?» አለ ወንድሜ።

የቡድን መሪ ድምፅ አልነበረም። የቤት ድምፅ ነበር፣ የተከፋ።

«እኔ የሰጠሁሽን? ሳትነግሪኝ?»

መርፌ ከበሩ ቀና አለ። ኃላፊያችን ወንበሩን ቀስ ብለው አዙረው ወንድሜን አዩት፤ ትክ ብለው።

«መስመር በመስመር ነው የማነበው ትለኝ ነበር» አሉት።

ያን ጊዜ ምን እንደተናገረ ገባው። መነጽሩን አወለቀ፣ መጥረግ ጀመረ፤ የሸሚዙን ጫፍ አጥቶ በክራቫቱ ጠረገው።

ቴክኒሻኑ የእኛን የቤት ጣጣ ለማየት እንዳልመጣ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ዋናው፣ ይሠራል ወይ?» አለ።

«ይሠራል» አልኩት። «ማስጠንቀቂያው በትንሹ ይዘገያል። ግን አይወድቅም።»

«ይዘግይ። አዛውንቱ እንደሆኑ አሁንም እየጠየቁን ነው፣ ሞቼ ነበር ወይ እያሉ።»

ስብሰባው እንዳለቀ ኃላፊያችን ወንድሜን ወደ ላይ ጠሩት። ደረጃው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሦስት ደረጃ ከፍ ብሎ ስለቆመ ቀና ብዬ አየሁት።

«አንቺ ብትሳሳቺ፣ ልጅ ናት ትማራለች ይሉሻል» አለኝ። «እኔ ብሳሳት አለቀልኝ። ቢበዛ ጥቂት ወር ስልክ ታነሺና እመልስሽ ነበር። ይህ አይገባሽም?»

«ይገባኛል።»

«ታዲያ?»

«ለእማዬ ለምን ነገርካት?»

የደረጃውን ብረት በጥፍሩ ፋቀ።

«ቁጥሩንስ ለምን ተውሽው?» አለ።

«ተደጋግሞ ሲጻፍ እውነተኛ አድራሻ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ወዲያው አይወድቅም።»

ጥቂት አሰበ። ሳይወድ፣ ያው ምግብ ጠረጴዛው ላይ እንዳስተማረኝ ሰው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እውነትሽን ነው» አለ። «መጥፎ ቀለም ነው።» ከዚያ ወደ ላይ ወጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥቅል ቀረ፤ ሁሉም የጻፈውን በራሱ ስም ያስገባ ተባለ። እኔ መሃል ጠረጴዛዬ ላይ ቀረሁ፤ የሜሞሪው ሥራም የእኔ እንደሆነ ቀረ። ጥገናውን ለሆስፒታሉ የላክኩት በራሴ ስም ብቻ ነው። መርፌ ሻይ አመጣልኝና፣ «ዛሬ ስንት ቃል እንደተናገርሽ ታውቂያለሽ? የዓመት ድርሻሽን ጨረስሽ» አለኝ። ልስቅ ሞከርኩ። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ የወንድሜ ኮት ተሰቅሏል፤ ሥራ ጨርሼ ስወጣም እዚያው ነበር።

አውቶቡስ ስጠብቅ እማዬ ደወለች።

«እንዴት ሆነ ያ ነገር? ወንድምሽ አስተካከለልሽ?»

«ተስተካክሏል፣ እማዬ። ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።»

«ጎሽ። የራስን ጥፋት በራስ መጠገን ነው የሚያስከብር።» የስፌት መኪናዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቆመ። «እሱ ግን ምን ሆነብኝ? ደውዬለት ድምፁ ጠፋብኝ። አስከፋሽው እንዴ?»

ሆድ ይፍጀው ማለት ለምጄ ነው ያደግሁት። ሆዴ ብዙ ነገር ፈጅቷል። ያን ቀን ግን እምቢ አለኝ።

«እሱን ጠይቂው» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«2739 የማን ቁጥር ነው በይው።»

«እንዴ፣ ምን ነካሽ ልጄ?» አለች። «የቤታችን ስልክ ነው እንጂ።»

አውቶቡሱ መጣ፤ ሰዎች እየገፉኝ ገቡ።

«አዎ» አልኳት። «የቤታችን ነበር።»